ሃያ ገደማ

ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈዲላ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ይህ ወረቀት ወራቤ ሲደርስ አንቺን በጤና፣ አባባን ሳያስል፣ ላሟን ከነወተቷ እንዲያገኛችሁ አላህን እለምናለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባዬ ደህና ነው፤ ሆዱም ደህና ነው፣ በየወሩ ይጨምራል።

በፍቅር ብቻ የምጽፍልሽ እንዳይመስልሽ። አባዬ «በስድስት ዓመትሽ ያመጣሽው አማርኛ አለቀ፣ ዙሉ ሆነሽ ልትቀሪ ነው» ብሎ ደብዳቤ ፈርዶብኛል። በስልክ እንዳላወራሽ ደግሞ ያለው የአባባ ስልክ ብቻ ነው። አያታችን ያለ ላውድስፒከር ማውራት ሐራም ይመስለዋል። ባለፈው ስለ ሒሳብ አስተማሪሽ የነገርሽኝን ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ሳቀ አሉ። ስለዚህ ዕቃ ይዞ የሚመላለሰው ሱፊያን ፖስተኛችን ሆኖ ይኑርልን።

አሁን ወሬ። አባዬ የፎቶ ፍሬም በጅምላ እንደሚሸጥ ታውቂያለሽ። ባዶ ፍሬም ማንም አይገዛም ይላል፤ ሰው ውስጡ ሰው ካላየ ፍሬም መሆኑ አይገባውም። እስካሁን ከፍሬሙ ጋር ከቻይና የሚመጣ አንድ የሚስቅ ቤተሰብ ነበር፤ ጀፕ ሙሉ በየሱቁ ይስቃል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ነጭ አሮጊት የአሮጌ ዕቃ ሱቋን ስትዘጋ አባዬ አንድ ካርቶን የድሮ ፎቶ ገዝቶ መጣ። መለየቱ ለእኔ ተሰጠ።

ፈዲ፣ ፎቶዎቹ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ናቸው። እንግሊዞች ቦር ከሚባሉት ነጮች ጋር ሲዋጉ የተነሱ አሉ። ብርድ ልብስ ለብሰው የተደረደሩ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞች አሉ። አንዱ ላይ ድንኳን በሞላበት ሜዳ ጥቁር ሴቶች ባልዲ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ከጀርባው «የስደተኞች ካምፕ» ይላል። አባዬ ያን አይቶ፣ የመኖሪያ ፔፐሩን ለማሳደስ የተሰለፈበትን ቀን አስታውሶ መሰለኝ፣ «እኛም አለንበት እንዴ?» አለ። ከዚያ ወርቃማ ፍሬም ውስጥ አስገብቶ ሸጠው።

ሌላው ላይ አምስት መኮንኖችና አንድ ውሻ አሉ። ከጀርባው የአምስቱም ስም ከነማዕረጋቸው ተጽፏል። የውሻውም ተጽፏል፤ ሬክስ። አጠገባቸው ፈረስ የያዘ ጥቁር ሰው ቆሟል። የእሱ ስም የለም። የፈረሱም የለም፤ ለፈረሱ አዘንኩ ብዬ ለአባዬ ብነግረው «ሥራሽን ሥሪ» አለኝ።

ካርቶኑ ሥር አንዲት ልጅ አገኘሁ፤ የእኛ እኩያ። አንገቷ ሙሉ ጨሌ ነው፤ ከኋላዋ ተራራ የተሣለበት ሸራ ተሰቅሏል። ካሜራውን የምታየው አባዬ ስልኬን ሲቀማኝ እኔ እንደማየው ነው። ከጀርባዋ «ዓይነት፦ የዙሉ ልጃገረድ። ዕድሜ፦ ሃያ ገደማ። ጤነኛ።» ይላል። ሃያ! ይህች ልጅ አሥረኛ ክፍል ብትሆን ነው። ኮፒዋን ልኬልሻለሁ፤ ጽሑፉንም በአማርኛ ከጀርባው ገልብጬልሻለሁ።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ።

እህትሽ ዩስራ


ወራቤ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዩስራ፣

ወዓለይኪ ሰላም። በፊትም በኋላም ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ለአጎቴ ለከሊልም፣ ለሆዱም።

አባባ ደብዳቤሽን «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለኝ። ስለ ላውድስፒከሩ የጻፍሽውን ዘልዬ በምትኩ «አባባን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም» የሚል ጨመርኩ። አለቀሰ። እንግዲህ ማሰብ ግዴታሽ ነው።

ልጅቷን ፊዚክስ ደብተሬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ስም አውጥቼ ከጀርባዋ ጽፌላታለሁ፤ ኩርፊያ። አስተማሪው ሲያሰለቸኝ ገልጬ አያታለሁ፤ እሷም ታየኛለች፤ ሁለታችንም ሰልችቶናል። እጇን ግን ልብ ብለሽዋል? ጨሌዋን የነካች ይመስላል እንጂ ጨብጣ ነው የያዘችው፤ ጣቶቿ ነጥተዋል። ያነሳት ሰውዬ ምን ብሏት ይሆን? «ፎቶዬን ለማን ነው የምትወስደው?» ብላ ጠይቃው ይሆን?

እኔ ደህና ነኝ። ከአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛው የርዕሰ መምህሩ ልጅ ነው፤ ሌላ አልልም። ፋርማሲ ለመማር ያለኝ ሐሳብ እንዳለ ነው። አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ ሳይን፣ ኮሳይን የሚሠራ ካልኩሌተር ብትልኪልኝ። እዚህ የማገኘው የሱቅ ነው፤ ከመደመር አያልፍም።

ፈዲላ


ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ
ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ የወደፊት ፋርማሲስት ለወይዘሪት ፈዲላ፣

ሰላምታዬ ከካልኩሌተሩ ጋር በሱፊያን ቦርሳ ይደርስሻል። ሱፊያን ካልኩሌተሩን አይቶ «ይህ ሁሉ ቁልፍ ለሴት ልጅ?» አለኝ። እሱ ራሱ ሊደምር ሲል ጣቱን የሚያጥፍ ሰው ነው።

ዛሬ አባዬ ራሱ ስለ አንቺ አነሳ። «የሟቹ ወንድሜ ልጅ አድጋለች አይደል? ፎቶ ትላክልን፤ አባቷን ትመስል እንደሆነ ልይ» አለ። ዓይኑ ረጠበ። ሽንኩርት እየከተፈ ስለነበር ምክንያቱ የትኛው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ከዚያ «ፊት ብቻ እንዳይሆን፤ ሙሉ ቁመት ይሁን» አለ። ለምን ስለው «ፍሬሙ ረጅም ነው» አለኝ። ወንድሙንም በፍሬም ቁመት ነው የሚናፍቀው።

እኔም ፎቶሽን እፈልገዋለሁ። ኩርፊያ አልጋዬ አጠገብ ብቻዋን ተሰቅላለች፤ ጎረቤት ያስፈልጋታል። እማዬ ከሞተች ወዲህ እዚህ ቤት ያለነው ሴቶች እኔና እሷ ነን፤ እሷ ደግሞ አታወራም። እምቢ እንዳትይኝ።

ዩስራ


ወራቤ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዩስራ፣

አላህ የእጅሽን አያጉድልብሽ፤ ካልኩሌተሩ ደርሶኛል። ክፍል ውስጥ ወረፋ ተይዞለታል።

ፎቶውን ተነሳሁ። ፎቶ ቤቱ ግድግዳው ላይ ፏፏቴ፣ መርከብና ዱባይ አለው። ፏፏቴውን መረጥኩ። ፎቶ አንሺው አገጬን በሁለት ጣቱ ይዞ አዞረኝና «ሳቂ» አለ። «ምን አስቂኝ ነገር አለ?» አልኩት። «ሴት ልጅ ፎቶ ላይ ስትስቅ ነው የሚያምርባት» አለ። ከዚያ «ለውጭ ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። «አውቄያለሁ፣ ሙሉ ቁመት ያለው ለውጭ ነው» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ፎቶው ሲወጣ ሳየው የሻሼን ጫፍ እንደ ኩርፊያ ጨብጬ ቆሜያለሁ።

ሁለት አሳጥቤያለሁ። አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የአጎቴ። ለሌላ ሰው እንዳታሳዪ፤ አደራ።

ፈዲላ


ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ
መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈዲዬ፣

ረመዳን ሙባረክ። ጾሙ ለአንቺ ቀላል ለእኔ ከባድ ይሁን፤ እኔ የምሠራው ኃጢአት ይበልጣል።

አማረብሽ። ከኩርፊያ ጎን ሰቅዬሻለሁ፤ እህትማማች ትመስላላችሁ። ከጀርባሽ ደግሞ ልክ እንደ እሷ ጽፌልሻለሁ፦ «ዓይነት፦ የወራቤ ልጃገረድ። ዕድሜ፦ ሃያ ገደማ። ጤነኛ። ለካሜራ አትስቅም።» በሁለቱም ላይ ጻፍኩት። ለብቻዬ ስቄ ጨረስኩ። የአባዬን አባዬ ወስዶታል።

ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ አገር ብትመጪስ? ማለቴ እንደ ቀልድ። ትምህርት ቤት እዚህም አለ። ዛንድስፕሩት የሚባለው ሰፈር ከእኛ በታክሲ ብዙ አይደለም፤ በየሳምንቱ እሑድ እንገናኝ ነበር። አብረን አባዬ ላይ እንስቅ ነበር። ዝም ብዬ ነው። ጾሙ አስርቦኝ ነው።

ዩስራ


ወራቤ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዩስራ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ኢዱ አልፏል፤ አባባ አያስልም፤ ላሟ ደህና ናት። ሁሉንም በአንድ መስመር የጻፍኩት ሌላ የምጽፈው ስላለኝ ነው።

ከኢድ በኋላ በሦስተኛው ቀን አራት ሽማግሌዎች መጡ። ውኃ አቀረብኩላቸው። ሲመርቁ ሲመርቁ ቆይተው አንዱ ከኪሱ ፎቶ አወጣ። «የምንጠይቀው ይህችን ነው» አለ። እኔ ነኝ፤ ከፏፏቴው ጋር። ልጠይቃቸው ስል መነጽሩን አደረገና ገልብጦ ጮክ ብሎ አነበበ። «ዓይነት፦ የወራቤ ልጃገረድ።» ራሱን ነቀነቀ። «ዕድሜ፦ ሃያ ገደማ። ጤነኛ።» ሁሉም «ማሻ አላህ» አሉ። «ለካሜራ አትስቅም» ሲል ደግሞ ሌላው «ጨዋ ናት ማለት ነው» አለ።

ጠያቂው ሙሰብ የሚባል ሰው ነው። ዛንድስፕሩት ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው፤ ዕድሜው ሠላሳ አራት። ፎቶውን የሰጠው አጎቴ ከሊል ነው።

ሲሄዱ አባባን «እኔ እኮ አሥራ ስድስት ነኝ» አልኩት።

«ከሊል ሃያ ብሎ ጽፎ የለ?»

«ከሊል እኔ ስወለድ ደቡብ አፍሪካ ነበር።»

«ቢሆንም ከሊል የተማረ ሰው ነው። ዝም ብሎ አይጽፍም።»

«ጽሑፉ የዩስራ ነው፤ ቀልድ ነው።»

«በአባቷ ቤት፣ በአባቷ ወረቀት እንዴት ትቀልዳለች?» አለኝ። ቀበሌ ሄዶ በሃያ ዓመት መታወቂያ ሊያወጣልኝ ነው። ኒካሑ ከአረፋ በኋላ ነው፤ ሱፊያንና ሌሎቹም ለአረፋ ሲገቡ።

ለአንቺ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ታውቂ ነበር?

ፈዲላ


ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ
ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ፈዲላ፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው። የዘገየሁት ፈተና ስለነበረብኝ ነው። ታክሲዎችም አድማ ላይ ነበሩ። ጉንፋንም ይዞኝ ነበር።

በጣም ደነገጥኩ። ሽማግሌው «ዓይነት» ብሎ ሲያነብ ግን ሳልስቅ አልቀረሁም፣ እውነቴን ነው። አባዬን ታውቂዋለሽ፤ ዕቃ አይቶ ዝም ማለት አይችልም። ምናልባት በራሱ ጊዜ ይቀራል። ሙሰብ ደግሞ መጥፎ ሰው አይደለም ይባላል። አባዬም እዚህ መጥታ ትማራለች ብሏል። በአፉ ነው ያለው፣ ግን ብሏል።

ሌላ የምትፈልጊው ነገር ካለ ጻፊልኝ። ጫማ ልላክልሽ?

ዩስራ


ወራቤ
ግንቦት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዩስራ፣

ጫማ አልፈልግም።

ዛንድስፕሩት የሚባል ቦታ መኖሩን ከሽማግሌዎቹ በፊት ያነበብኩት ከአንቺ ደብዳቤ ነው። ሁለት ሳምንት ቀድመሽ፣ በታክሲ ብዙ አይደለም ብለሽ። አስቀምጬዋለሁ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አባባ «የተጻፈ ነገር በአፍ አይፈርስም፤ የጻፈችው ታፍርሰው» ብሏል። ለእሱ በእጅሽ ጻፊ። ቀልድ የሌለው። ስንት ዓመቴ እንደሆነ፣ ማን እንደጻፈው፣ ማን እያወቀ እንደሰጠው። አጎቴ ከሊል ያውቅ እንደነበርም። የአባትሽን ስም መጻፍ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ስለ እኔ ስትጽፊ ግን አልከበደሽም።

ደብዳቤውን ለእኔ አትላኪ። እኔ ካነበብኩት የጨመርኩት ይመስላቸዋል። ባለመነጽሩ ሽማግሌ ያንብበው።

አረፋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ፈዲላ


ጆሃንስበርግ፣ ጀፕ
ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈዲላ፣

አውቅ ነበር።

አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ሙሰብ ዕቃ ሊጭን መጣ። እኔ መስታወት እየወለወልኩ ነበር። አባዬ ፎቶሽን አሳየው። ሙሰብ ገለበጠና አነበበ፤ «እውነት ሃያ ናት?» አለ። አባዬ ወደ እኔ ዞረ። አሥራ ስድስት መሆንሽን እሱም ያውቃል፤ ካልኩሌተሩን ስንገዛ «በአሥራ ስድስት ዓመቷ ይህን ሁሉ ትሠራለች?» ብሎ ተገርሞ ነበር። እኔ ግን ተጠየቅኩ፣ ፈዲ። አሥራ ስድስት ማለት እችል ነበር። «ገደማ» አልኩ። ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ።

ለምን እንደዋሸሁ ልንገርሽ። እንድትመጪ ፈልጌ ነው። የመጣሽበት መንገድ ግድ አልሰጠኝም። እሑድ እሑድ የምስቅበት ሰው አገኛለሁ ብዬ ስለ አንቺ ሰኞና ማክሰኞ አላሰብኩም።

ከትናንት ወዲያ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ዛንድስፕሩት ሄድኩ። ሁለተኛው ፎቶሽ፣ ያልጋዬ አጠገቡ፣ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። ያለው ሙሰብ ሱቅ ነው፤ ከፍርግርጉ ኋላ፣ በዳቦውና በሻማው መሐል። ዳቦ የምትገዛ አንዲት ማማ በጣቷ አሳየችኝና «ማኮቲ» አለችኝ። ሙሽራ ማለት ነው። ደንበኛው ሁሉ ያውቅሻል፤ ስምሽን ግን ማንም አያውቅም።

ሙሰብን «አሥራ ስድስት ናት፤ ሃያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቀልድ ነበር» አልኩት።

«ታዲያ ያኔ ስጠይቅሽ?»

«ያኔም ዋሸሁ።»

«እኔ ቃል የተቀበልኩት ካንቺ አይደለም፣ ከአባትሽ ነው» አለ። ፎቶውን ስጠኝ ስለው «ፎቶው ተሰጥቶኛል፤ የእኔ ነው» አለ። ቀጥሎም ለልጆች ከረሜላ ሸጠ። በፍርግርጉ እጄን ባስገባም አይደርስም።

ለአባባ የጻፍኩት በሌላ ፖስታ ነው፤ ሱፊያን ለባለመነጽሩ ሽማግሌ በእጁ ሊሰጥልኝ ምሏል። ምን እንደሚል እንድታውቂ እዚህ ገልብጬዋለሁ፦

«ለተከበሩ አያቴ። በፈዲላ ፎቶ ጀርባ ያለው ጽሑፍ የእኔ የዩስራ ነው። ከአንድ የድሮ ፎቶ ላይ ገልብጬ ለመሳቅ የጻፍኩት ነው። ፈዲላ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቴ ከሊል ይህን እያወቀ ፎቶውን ለሙሰብ ሰጠ። እኔም እያወቅኩ፣ ስጠየቅ ዋሸሁ። ፈዲላ አደራ ብላን ነበር። አደራዋን የበላነው እኔና አባቴ ነን። ዩስራ ከሊል።»

አባዬ ይህን አያውቅም። ሲያውቅ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ይቅር በይኝ።

ዩስራ


ወራቤ
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዩስራ፣

ሰላም ለአንቺና ለቤትሽ ይሁን። አረፋን በደህና ውለናል።

ደብዳቤሽ ደርሶ ተነቧል። ባለመነጽሩ ሽማግሌ፣ በዚያው መነጽር፣ በዚያው ድምፅ። «አደራዋን የበላነው» ላይ ሲደርስ ቆም አለና ከመጀመሪያው ደግሞ አነበበው። ከዚያ አባባ ወደ እኔ ዞሮ «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አለኝ። እስከ ዛሬ ጠይቆኝ አያውቅም። አሥራ አንደኛ አልኩት።

ስልኩን አንስቶ አጎቴ ከሊል ጋ ደወለ። ላውድስፒከሩን አጠፋው። መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። ጓሮ ወጥቶ ብዙ ቆየ። ሲመለስ «ትማር» አለ። ሽማግሌዎቹ ፎቶውን መለሱልኝና እሳት ውስጥ ከተትኩት። መታወቂያው ግን ወጥቶ ስለነበር አለ፤ ሃያ ይላል።

ሱፊያን ሙሰብ ሱቅ ያለው ፎቶ እንዳልወረደ ነግሮኛል። ሙሰብ «ለሱቁ ያምራል» ብሏል። እንግዲህ እዚያ እኖራለሁ፤ ከዳቦውና ከሻማው ጋር።

አጎቴ እንዳኮረፈሽም ሰምቻለሁ። ይቅርታሽን አንብቤዋለሁ። የጻፍሽው ጠቅሞኛል፤ የጻፍሽው ነው የጎዳኝም። ሁለቱን በሳይንና በኮሳይን ማጣፋት አልቻልኩም። ካልኩሌተሩን አልመልስም፤ ፈተና አለብኝ።

ልጅቷን ግን መልሼልሻለሁ፤ ፖስታው ውስጥ ናት። ከጀርባዋ ዓይነቱን፣ ሃያውን፣ ጤነኛውን ሰርዣለሁ። ኩርፊያ የሚለውንም፣ እኔ ያወጣሁላትን። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ እጄን ሳየው ጣቶቼ ነጥተው ነበር፤ አኩርፌ አልነበረም። በተረፈው ቦታ አንድ መስመር ጽፌያለሁ። የሚገዛት ሰው ከመጣ መጀመሪያ ጀርባዋን አሳዪው።

«ስሟን የጠየቃት የለም» ይላል።

ፈዲላ
አሥራ ስድስት ዓመት ከሰባት ወር